ስለ መጻሕፍት ማሳተም፤ ደራሲው በገዛ ገንዘቡ ያሳተመውና ድርጅት ያሳተመው

መጽሐፍ የሚባለው ነገር ከሊቅ ልብ ተወልዶ በገዛ እግሩ ወደ አንባቢ የሚሄድ አይደለም። ከደራሲው ቀጥሎ ወጪውን የሚችል፥ ስሕተቱን የሚያርም፥ ለሚያነበውም ሰው የሚያደርስ ያሻዋል። በብራና ዘመን ይህ ሥርዐት ግልጥ ነበረ። ድርሰቱ የሊቁ ነው፤ የእጁ ሥራ የቁም ጸሐፊው ነው፤ የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ ገዝቶ ብራናውን አስፍቆ፥ ለጸሐፊውም ቀለቡንና ዋጋውን ሰጥቶ መጽሐፉን የሚያስጽፈው ግን አስጻፊው ነው። ስለዚህ የአስጻፊው ስም በጸሎቱ መካከል ወይም በመጽሐፉ ፍጻሜ በቀይ ቀለም ይገባ ነበር፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ የተገዘተ ይሁን ተብሎም ይጻፍ ነበር። ግዝቱ እንዲህ ተጽፎ ሳለ፥ መጽሐፉ በሌላ ሰው እጅ በገባ ጊዜ የፊተኛው አስጻፊ ስም ተፍቆ የኋለኛው ባለቤት ስም በላዩ የተተካባቸው አያሌ ብራናዎች ዛሬም ይገኛሉ። ገንዘብ ያወጣ ሰው ስሙ ከመጽሐፉ ጋራ እንዲኖር መውደዱ የቈየ ጠባይ ነው።

የማተሚያ መኪና ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ይህ የሥራ ክፍፍል ተደባለቀ። የዐማርኛ ቋንቋ ግን ልዩነቱን በሚገባ ጠብቆ ይዞታል። አታሚ ማለት መኪናውን አንቀሳቅሶ በወረቀት ላይ ፊደሉን የሚያሳርፈው ነው። አሳታሚ ማለት ደግሞ እንዲታተም የሚያደርገው፥ ወጪውን የሚችለው፥ ትርፉም ኪሳራውም የሚደርስበት ነው። አታሚው ሥራው ጥሩ ወይም መጥፎ ቢሆን የሚጠየቀው ስለ ቀለሙና ስለ ጥራዙ ነው፤ አሳታሚው ግን ስለ ነገሩ ሁሉ ይጠየቃል። በአገራችን በታተሙት በብዙዎቹ መጻሕፍት ላይ በመጀመሪያው ገጽ ጐልቶ የሚገኘው የአታሚው ስም ነው። አንባቢውም «ይህ መጽሐፍ የብርሃንና ሰላም ነው» ሲል ይሰማል፤ ብርሃንና ሰላም ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን ተቀብሎ ያተመ እንጂ መጽሐፉን መርጦና አርሞ ያወጣ አይደለም። መርጦ ያወጣው ደራሲው ራሱ ነው። በሌላው ዓለም ደራሲው በገዛ ገንዘቡ ማሳተሙ ከዋናው መንገድ የወጣ ሥራ ሆኖ ሲቈጠር፥ በእኛ ዘንድ ዋናው መንገድ ይኸው ሆኖ ኖሯል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ አገር ዐማርኛ ያስተምር በነበረበት ጊዜ የጻፈው «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. በሮማ ታተመ። ይህም የዐማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ካቋቋሙ በኋላ ግን የአገር ልጅ ሥራውን ለማሳተም ባሕር መሻገር ቀረለት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከዚህም አልፈው ሄዱ። «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915 ዓ.ም.፥ «አዲስ ዓለም»ንም በ1925 ዓ.ም. ያወጡት እኒህ ሰው ደራሲም፥ የመንግሥት ሹምም፥ ጎሐ ጽባሕ በተባለው ማተሚያ ቤታቸው የመጽሐፍ አባትም ነበሩ። በአገራችን ያሉትን መጻሕፍት ቈጥረው በመዝገብ ማሳተማቸውም መጽሐፍ ከተጻፈ በኋላ የት እንደሚደርስ ያስቡ እንደ ነበረ ያሳያል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋም እንዲሁ በግል ማተሚያ ቤታቸው የፊደሉን ገበታና ዳዊቱን እያተሙ ለትውልድ ሁሉ አዳረሱ። ዛሬ በመንግሥት ቢሮ ከተቀመጡት ሹማምንት ብዙዎቹ «ሀ ሁ»ን የቈጠሩት በዚያ ገበታ ላይ ነው። እኒህ ሁለት ሰዎች ያሳተሙት መጽሐፍ የግል ነው ተብሎ የተናቀበት ጊዜ የለም፤ ማንም ቢያሳትመው ልዩነት አልነበረምና፤ ከእነርሱ የበለጠ አራሚም አይገኝም ነበር።

አሳታሚ ድርጅት የሚባለው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ግን በሌላው አገር የሆነውን ማየት ይጠቅማል። ጄን ኦስቲን የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ ሁለቱን መንገድ በገዛ ሕይወቷ ፈትናዋለች። የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» በ1811 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን በቶማስ ኤገርተን እጅ ወጣ። ውሉ እንዲህ ነበር፤ የወረቀቱም፥ የኅትመቱም፥ የማስታወቂያውም ወጪ በደራሲዋ ላይ ሆኖ፥ አሳታሚው ለድካሙ ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳል። መጽሐፉ ተሸጦ ሲያልቅ 140 ፓውንድ ተረፋት። ይህ ትርፍ ግን ከመታወቁ በፊት፥ በ1812 መጨረሻ፥ ኪሳራን በመፍራት ይሁን ገንዘብ በማስፈለጉ፥ ሁለተኛውን መጽሐፍ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»ን ከነሙሉ መብቱ ለዚያው ሰው ሸጠችው። 150 ፓውንድ ጠይቃ 110 ተቀበለች። መጽሐፉ በተወደደና ደግሞ ደጋግሞ በታተመ ጊዜ ትርፉ ሁሉ የገዢው ሆነ፤ እርሷ አንዲት ሳንቲም አልጨመረችም።

እንግዲህ ከዚህ የሚማር ሰው «በገዛ ገንዘብ ማሳተም ይሻላል» ብሎ ይፈርድ ይሆናል። የታሪኩ ቀሪ ግን ይህን ፍርድ ያፈርሰዋል። በ1815 ጆን መሪ የተባለው ታላቅ አሳታሚ ስለ ሦስት መጻሕፍቷ መብት 450 ፓውንድ ሊሰጣት ቢል፥ ከዚህ ቀደም የደረሰባትን አስታውሳ እንቢ አለች፤ «ኤማ»ንም በገዛ ወጪዋ አሳተመች። በዚያው ወራት የታተመው የ«ማንስፊልድ ፓርክ» ሁለተኛ ኅትመት ሳይሸጥ ስለ ቀረ፥ ኪሳራው ከ«ኤማ» ትርፍ ላይ ተነሣ። በ1817 እስከ ሞተች ድረስ ከ«ኤማ» የደረሳት ገንዘብ 39 ፓውንድ ያህል ብቻ ነበረ። መብቱን በሸጠች ጊዜ ትርፉ አመለጣት፤ መብቱን በያዘች ጊዜ ኪሳራው አገኛት። ሁለቱም ጊዜ ያው ሰው፥ ያው ብዕር ነው።

ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ በ1849 የመጀመሪያ መጽሐፉን በገዛ ዕዳው 1000 ቅጂ አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ አሳታሚው ያልተሸጠውን 706 ቅጂ በጋሪ ጭኖ ላከለት፤ እርሱም በጀርባው እየተሸከመ ወደ ላይኛው ክፍል አወጣው። ዕዳውን ለመክፈል ዓመታት ፈጀበት። በ1854 ግን «ዋልደን» የተባለው መጽሐፉ ታወቀው አሳታሚ በገዛ ወጪው 2000 ቅጂ አተመለት፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በዚህ ነው። በፈረንሳይ አገር ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ማርሴል ፕሩስት የታላቁን ድርሰቱን የመጀመሪያ ክፍል ለስመ ጥር አሳታሚዎች ቢያቀርብ ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ከእነርሱም ጋራ የነበረው ታላቁ ጸሐፊ አንድሬ ዢድ በኋላ በዚህ ስሕተቱ እጅግ ተጸጽቶ ይቅርታ ጠየቀው። ፕሩስት መጽሐፉን በ1913 ለግራሴ ከፍሎ አሳተመ። ቀድሞ እንቢ ያለው ቤት መልሶ ተቀበለውና ሁለተኛው ክፍል በ1919 የጎንኩርን ሽልማት አገኘ። ሊቃውንት ተሰብስበው የመረጡት ሁሉ የተመረጠ፥ የጣሉትም ሁሉ የተጣለ እንዳይደለ ይህ ያስረዳል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዳኛቸው ወርቁ ሁለቱን መንገድ ከቀመሱት የአገር ልጆች አንዱ ነው። «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። «ዘ ቴርቲንዝ ሰን» የተባለውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱን ግን በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የለንደኑ ሃይነማን በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍቱ ውስጥ አወጣው። ይህ ተከታታይ በ1962 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጀመረና ቺኑዋ አቼቤ በአማካሪ አርታዒነት የሠራበት ስለ ነበረ፥ በውስጡ የገባ መጽሐፍ ደራሲው ባይታወቅ እንኳ ከታወቁት ጋራ በአንድ መደርደሪያ ይሰለፋል፤ በየአገሩ ያሉት መምህራንም ተከታታዩን አምነው ያስነብቡታል። የአሳታሚ ድርጅት ትልቁ ሀብት ከገንዘቡም ይልቅ ይህ እምነት ነው። ይሁን እንጂ በአገሩ አንባቢ ዘንድ የዳኛቸው ስም በተነሣ ቍጥር የሚጠራው «አደፍርስ» ነው። ተከታታዩ መጽሐፉን ወደ ሩቅ አደረሰው፤ ቋንቋው ደግሞ ሌላውን በቅርብ አጸናው።

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲቋቋም ለዐማርኛ መጽሐፍ እውነተኛ አሳታሚ ተገኘ። ደራሲው ረቂቁን ይዞ ይመጣል፤ ድርጅቱ ያስመረምራል፥ ያርማል፥ ወጪውን ችሎ ያሳትማል፥ በየሱቁም ያከፋፍላል። የቀድሞ መጻሕፍትም እንደ ገና እየታተሙ ለአዲሱ ትውልድ ደረሱ። ገንዘብ የሌለው ደራሲ በዚህ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ መካድ አይገባም። ነገር ግን አሳታሚው አንድ ብቻ በሆነበት፥ እርሱም የመንግሥት በሆነበት አገር፥ የድርጅቱ ማኅተም ደራሲውን ይጠብቀዋል ወይስ ያጋልጠዋል የሚለው ጥያቄ በ1975 ዓ.ም. መልሱን አገኘ።

በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍ ያለ ሹመት የነበረው ሰው ነው። የቀይ ኮከብ ዘመቻ በተደረገ ጊዜ አስመራ ነበረ፤ ያየውንም በልብ ወለድ አልብሶ «ኦሮማይ» ብሎ ጻፈው። መጽሐፉ በደራሲው ገንዘብ በስውር የታተመ አይደለም። ኩራዝ መርምሮ፥ ተቀብሎ፥ በመንግሥት ፈቃድ ያወጣው ነው። ይህ ሁሉ ሥርዐት የተፈጸመለት መጽሐፍ ገበያ ከወጣ በኋላ ጥቂት ሳይቈይ ከየሱቁ ተለቅሞ ተነሣ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ አልታወቀም። መጽሐፉ ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይነበብ ነበር። ሥርዐቱ ከተለወጠ በኋላ እንደ ገና ታተመ፤ በ2025 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በውጭ አገር አሳታሚዎች ወጣ።

ይህን ያየ ሰው «ደራሲው ራሱ ቢያሳትመው ይሻል ነበር» እንዳይል፥ የአቤ ጉበኛ ነገር አለ። አቤ ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ፥ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ቈርጦ የመንግሥት ሥራን የተወ ሰው ነው። «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፉን በ1955 ዓ.ም. ያወጣው ለዐማርኛ ልብ ወለድ የሚሆን ጽኑ አሳታሚ ድርጅት ገና ባልነበረበት ጊዜ ነው። መጽሐፉ ብዙ ሳይቈይ ታገደ። በዚህ ጊዜ የታገደው መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ የወረቀቱም የኅትመቱም ዕዳ አብሮ በደራሲው ትከሻ ላይ ይቀራል። ድርጅት ባሳተመው ጊዜ ቢያንስ የገንዘቡ ኪሳራ የድርጅቱ ነው። የነፍስ ኪሳራ በደረሰ ጊዜ ግን፥ እንደ በዓሉ፥ ድርጅቱ ከደራሲው ጋራ አይካፈለውም።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን ከሻረ ወዲህ መንገዱ ሰፋ። በግል ማሳተምም እንደ ገና ዋናው ልማድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከወጡት መጻሕፍት መካከል እጅግ የሚጠቅሙት የግለሰብ ትዝታዎች ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱና በደርግ ዘመን የነበሩ ሹማምንት፥ የጦር መኰንኖች፥ እስረኞችም የነበሩ ሰዎች ያዩትን ጻፉ። ሊቃውንት የየደብራቸውንና የየገዳማቸውን ታሪክ፥ የመምህሮቻቸውን ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ። አንድን የቅኔ ጉባኤ ታሪክ አሳትሞ አተርፋለሁ የሚል ድርጅት በየትም አገር አይገኝም። ደራሲው ጡረታውን ወይም የልጆቹን እርዳታ ባያወጣበት ኖሮ ይህ ሁሉ ከሽማግሌዎቹ ጋራ ወደ መቃብር ይወርድ ነበር። በግል የሚያሳትም ሰው ለአገሩ የሚያደርገው ውለታ ይህ ነው፤ ትንሽም አይደለም።

ስሕተቱም ከዚሁ ይነሣል። የብራናው ጸሐፊ እንኳ ሥራውን ጨርሶ ለሌላ ሊቅ አስነብቦ ያሳርም ነበር። የዛሬው ባለ ትዝታ ግን ብዙ ጊዜ ረቂቁን ከኮምፒውተር ጸሐፊው በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ይወስደዋል። «ሠ»ና «ሰ»፥ «ሐ»ና «ኀ» መደባለቃቸው ይቅር፤ ይህ በመንግሥት ደብዳቤም ላይ የሚታይ በሽታ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። አንድ ጦርነት በአንዱ ትዝታ በጥቅምት፥ በሌላው በኅዳር ይሆናል። አንድ ሹም በአንዱ ገጽ ሞቶ በሌላው ገጽ ስብሰባ ይቀመጣል። የፎቶግራፉ ባለቤት አይታወቅም፤ የስሞች ማውጫ የለም። ታሪክ ጸሐፊውም ሌላ ማስረጃ ሲያጣ ይህንኑ ይጠቅሳል፤ ስሕተቱም በተጠቀሰ ቍጥር እየጸና ይሄዳል። በአሳታሚ ድርጅት ቤት «ይህ ቀን ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ አርታዒ ይቀመጣል። ደራሲው ይህን ሰው አይወደው ይሆናል፤ መጽሐፉ ግን ያለ እርሱ አይድንም። ድርጅት ሁሉ እንዲህ ያለ አርታዒ አለው ማለት አይደለም፤ የአሳታሚ ስም ለጥፎ የአታሚ ሥራ ብቻ የሚሠራም አለ።

በውጭ አገር የሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም ይህን ችግር ያውቁታል። በ1998 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ በኤልያስ ወንድሙ የተመሠረተው ፀሐይ አሳታሚ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉትን ሊቃውንት ሥራ በአርታዒ አሳርሞ ለማውጣት የተነሣ ነው። ይህን የመሰለ ቤት በአገር ውስጥ ሊጸና ቢፈልግ ግን በመጀመሪያ የሚገጥመው የወረቀት ጉዳይ ነው።

ወረቀቱም፥ ቀለሙም፥ የመኪናውም መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ብር ከዶላር ጋራ ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ወረደ፤ የኅትመትም ዋጋ ተከትሎ ወጣ። ማተሚያ ቤት ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል። መጽሐፍ ሻጩ ግን መጽሐፉን በዐደራ ወስዶ ከተሸጠ በኋላ፥ ድርሻውን ቀንሶ ይከፍላል። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ጊዜ ሁሉ የሚችለው ደራሲው ነው። በዚህ መካከል መጽሐፉ ያለ ፈቃዱ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ወይም በስልክ ተሰራጭቶ ቢያገኘው፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት ዐዋጅ ቍጥር 410 መብቱን በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ያጸናለታል። ይሁን እንጂ አንድ ደራሲ ብቻውን ስንቱን ሌባ ከፍርድ ቤት ያቆማል? ድርጅት ጠበቃ አለው፤ ደራሲው ያለው ዐዋጁ ነው።

መንግሥት መጽሐፍን በሙሉ ላሳትም ቢል ኩራዝን ይመስላል፤ ፈጽሞ ቢተወውም ደራሲው ብቻውን ይቀራል። በሁለቱ መካከል ሊደረግ የሚችለው ግን ከባድ አይደለም። የወረቀት ቀረጥ ጉዳይ በሹማምንት እጅ ነው። የተማሩ አራሚዎችን ማሠልጠን የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው። በየሀገረ ስብከቱ ያሉት ሊቃውንት የገዳም ታሪክ ለሚያሳትመው ሰው ረቂቁን ቢያዩለት፥ ከአባቶች ስም ላይ የሚደርሰው ስሕተት ግማሹ ይቀር ነበር። ደራሲውም ከኅትመቱ ወጪ ጥቂቱን ቀንሶ ለአራሚ ቢሰጥ፥ አምስት መቶ ቅጂ የታረመ ከሺሕ ቅጂ ያልታረመ ይበልጥበታል።

ሕጉ አንድ ነገር አስቀድሞ አስቧል። በ1991 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 179 መሠረት በአገር ውስጥ ከሚታተመው መጽሐፍ ሁሉ ሦስት ቅጂ በ1936 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፥ ሕዝቡ ወመዘክር ለሚለው፥ ይሰጣል። በዓለም የመጻሕፍት ቍጥር ውስጥ ለኢትዮጵያ የተሰጠውም መለያ 99944 የሚወሰደው በዚያው ነው። በዚያ መደርደሪያ ላይ ድርጅት ያወጣውና ጡረተኛው በገዛ ገንዘቡ ያሳተመው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ጡረተኛው «አሳታሚ፦ ደራሲው» የሚል የተጻፈባቸውን ሦስት ቅጂዎች አስረክቦ ደረሰኙን በኪሱ ከትቶ ሲመለስ፥ የቀሩት እሽጎች እንደ ታሰሩ በቤቱ አልጋ ሥር አሉ፤ መጽሐፍ አዟሪውም ለቅዳሜ ሃያ ቅጂ ብቻ እንዲያመጣለት ነግሮታል።